ፀሐይን ማን ቀባት?

ፀሐይ ብርቱካናማ አይደለችም። ቢጫም አይደለችም። ከምድር አየር ወጥቶ ለሚያያት ሰው ነጭ ናት፤ ታጥባ እንደተሰጣች ነጠላ። ጠዋትና ማታ የምትቀላብን በአድማስ በኩል የሚመጣው ብርሃኗ ረጅም የአየር መንገድ ስለሚያቋርጥና ሰማያዊው ወገን መንገድ ላይ ተበትኖ ስለሚቀር ነው። ይሄ ትምህርት ቤት የተማርነው ነገር ነው። ታዲያ ያቺ በየቴሌግራም ቻናሉና በየፌስቡክ ገጹ የምትዞረው፣ ጠርዟ የሚንቦገቦገው፣ ፊቷ እንደ በግ ጸጉር የተጠቀለለው ብርቱካናማ ኳስ ማን ናት? ከሥሯስ «ናሳ ያነሳው እውነተኛው የፀሐይ ገጽታ» ብሎ የሚጽፍባት ማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም ደስ የሚል ነው። ጠባችን ከሁለተኛው ጋር ነው።

ኳሷ ብዙ ጊዜ የናሳ አይደለችም። ያነሳት አንድ አማተር ነው። ቀን ቀን ሌላ ሥራ ያለው ሰው ልንለው አስበን ነበር፤ ግን ፀሐይ ፎቶ የምትነሳው በቀን ስለሆነ ቅዳሜና እሁዱን የሚሠዋ ሰው ብንለው ይሻላል። ግቢው ውስጥ ወይም ሰገነቱ ላይ ቴሌስኮፕ ይተክላል፤ የላፕቶፑ ስክሪን እንዲታየው በካርቶን ይከልላል፤ ላቡ ይወርዳል። ፎቶዋን ሲለቃትም ብዙውን ጊዜ ከሥሯ ያደረገውን ይዘረዝራል፦ በምን ማጣሪያ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ፍሬም፣ ቀለሙ ከየት እንደመጣ። ከዚያ አንዱ ይመጣና ፎቶዋን ይወስዳል፣ ጽሑፉን ይጥላል።

እኛ የምንለው ይህንን ነው፦ ፀሐይን መቀባት ነውር የለውም። ነውሩ መቀባቷን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ መጣሉ ላይ ነው። ይህን ነውር በብዛት የሚሠራው ደግሞ አማተሩ ሳይሆን የእኛው ሰፈር ሰው ነው፤ ዜና አቀባይ፣ ገጽ አስተዳዳሪ፣ «ሳይንስ በአማርኛ» ብሎ የተነሳ ሁሉ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልንባቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

እስቲ መጀመሪያ ፎቶዋ እንዴት እንደምትሠራ እንይ፤ ክርክሩ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና።

የፀሐይ ብርሃን ዓይናችን የሚያውቃቸውን ቀለሞች በሙሉ ይዞ ይመጣል። እነዚህ ቀለሞች በሞገድ ርዝመት ሲለኩ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ይደርሳሉ። ከነዚህ ውስጥ 656.28 ናኖሜትር ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ ጥቁር ቀይ ናት፤ ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ የሚናገርባት መስመር ናት። ስሟ ሃይድሮጅን አልፋ ይባላል። የተለመደው የፀሐይ ማጣሪያ ብርሃኑን ሁሉ እኩል ቀንሶ ፎቶስፌር የሚባለውን ደማቁን ንብርብር ያሳያል፦ ነጭ ክብ፣ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ። የሃይድሮጅን አልፋ ማጣሪያ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ያቺን መስመር ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ይጥላል። ደህና የሚባለው ማጣሪያ የሚያሳልፈው ስፋት ከ1 አንግስትሮም ያንሳል፤ ይኸውም ከናኖሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው። 0.7 አንግስትሮም ብንወስድ፣ ከሚታየው ብርሃን ስፋት ውስጥ ከ4,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከአንድ ኩንታል ጤፍ አንድ እፍኝ እንኳ የማትሞላ አስቀርቶ ሌላውን እንደመድፋት ነው።

የተረፈችው እፍኝ ግን ጉድ ታሳያለች። ከፎቶስፌሩ በላይ ያለውን ክሮሞስፌር የተባለ ስስ ንብርብር፣ ከጠርዟ ላይ ተነስተው እንደ እሳት ምላስ የሚዘረጉትን የጋዝ ቅስቶች፣ ፊቷ ላይ እንደ ጥቁር ፈትል የተጋደሙትን ጭረቶች። የሚገርመው፣ የእሳት ምላሱና ጥቁሩ ፈትል አንድ ነገር ናቸው! በመግነጢስ ኃይል ተንጠልጥሎ የቆመ ጋዝ ነው። ከኋላው ጥቁር ሰማይ ሲሆን ያበራል፤ ከኋላው ፀሐይ ስትሆን ብርሃኗን ይጋርድና ይጠቁራል። አንድ ሰው ከመንገድ መብራት ፊት ሲቆም ጥላ፣ ጨለማ ውስጥ ሲቆም ደግሞ ሲጋራው እንደሚታይ ዓይነት ነው።

የማጣሪያው ልብ ኤታሎን ይባላል። ትይዩ የሆኑ ሁለት እጅግ ለስላሳ መስተዋቶች ናቸው፤ ብርሃን በመካከላቸው እየተላተመ ከክፍተቱ ጋር የሚስማማው የሞገድ ርዝመት ብቻ ያልፋል። አሳቡ የፈረንሳዮቹ የሻርል ፋብሪና የአልፍሬድ ፔሮ ነው፤ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ አለ። አማተሩ ኤታሎኑን እንደ ክራር ይቃኘዋል፦ አንዱ ትንሽ ያዘነብለዋል፣ አንዱ የአየር ግፊቱን ይለውጣል፣ አንዱ ያሞቀዋል። ቅኝቱ በትንሹ ከሳተ ፈትሎቹም ቅስቶቹም ይጠፋሉ።

ከማጣሪያው ጀርባ ያለው ካሜራ ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚመጣው ብርሃን አንድ ቀለም ብቻ ከሆነ የቀለም ካሜራ ሦስት አራተኛ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከካሜራው የሚወጣው ፋይል ግራጫ ነው። ቀይ አይደለም፣ ብርቱካናማ አይደለም፤ እንደ ድሮ ፓስፖርት ፎቶ ግራጫ።

ያውም አንድ ፎቶ አይደለም፤ ቪዲዮ ነው። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፍሬሞች ይቀዳሉ፤ የምድር አየር እንደ ፈላ ውሃ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሾቹ ብዥታ ናቸው። አውቶስታከርት የሚባለውን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ጥርት ያሉትን መርጦ፣ አሰልፎ ይደራርባል። ከዚያ ስለት ይጨመራል። የጠርዙ ቅስቶች ከፊቷ በጣም የደበዘዙ ስለሆኑ ብዙዎች ለብቻቸው አንስተው ኋላ ላይ ያጋጥሟቸዋል። ከዚያ ትልቁ ውሳኔ ይመጣል፦ ፊቷን እንደ ፊልም ኔጌቲቭ መገልበጥ። ጥቁሩ ነጭ ይሆናል፣ ነጩ ጥቁር። ጠርዟ ይደምቃል፣ መሐሏ ይጠቁራል፣ ያቺ ጠፍጣፋ ሳህን በድንገት ኳስ ትሆናለች፤ እጅህን ዘርግተህ የምትጨብጣት ይመስልሃል። በመጨረሻ ቀለም። በዓይን ቢታይ ጥቁር ቀይ የሚሆነውን ትተው ብርቱካናማና ወርቃማ ይቀባሉ፤ ዓይናችን በድፍን ቀይ ውስጥ ዝርዝር መለየት ስለሚከብደው ነው፤ ስለሚያምርም ነው። አንዋሽም፣ ስለሚያምርም ነው።

ይህን ሁሉ ሲሰማ «በቃ ውሸት ነዋ!» ብሎ እጁን የሚያራግፍ ወዳጅ አለን። ሁላችሁም አንድ ሳይኖራችሁ አይቀርም። ጨረቃ ላይ አልተወጣም የሚለው ያው ሰውዬ ነው። ለሱ መልሳችን አጭር ነው፦ እጅህ ተሰብሮ ራጅ ስትነሳ አጥንትህ ነጭ ሆኖ ሲወጣ «ውሸት ነው» ብለህ ከሐኪሙ ክፍል ወጥተሃል? አልወጣህም። ራጅ ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ነው። የናሳ ሶላር ዳይናሚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተባለችው ሳተላይት ከ2010 ጀምሮ ፀሐይን የምትከታተለው በአብዛኛው ዓይናችን ፈጽሞ በማያየው እጅግ ሐምራዊ ዘለል ጨረር ነው፤ ለእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመትም የተመደበለት ቀለም አለ። አንዱ ወርቃማ ነው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነሐስማ። ሳይንቲስቱ ቀለሙን አይቶ የትኛው ንብርብር እንደሆነ ያውቃል። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ መለያ ነው፤ እንደ ታክሲ ታፔላ።

ስለዚህ ቀለምም መገልበጥም ከማታለል የሚለዩት በስምምነት ነው። ሰሪውና ተመልካቹ ስለምን እንደሚያዩ ከተስማሙ ሥዕሉ እውነት ይናገራል። ስምምነቱን ደግሞ የተሸከመው ያ ከሥር ያለው የተረሳ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ስትቆርጠው የተረፈችህ ፀሐይ ትዋሻለች፤ በዘይቤ አነጋገር ሳይሆን በቀጥታ። የፀሐይ ነጠብጣብ ከአካባቢው ስለሚቀዘቅዝ ነው የሚጠቁረው፤ ፎቶስፌሩ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ነጠብጣቡ ወደ 4,000 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። በተገለበጠው ፎቶ ላይ ግን ነጠብጣቡ ያበራል! ፎቶውን ያለ ማብራሪያ ያየ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «ነጩ ቦታ በጣም የሚግለው ነው» ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የማን ነው? የልጁ ነው? ብርሃኑን የሚጋርደው ፈትልስ የእሳት ወንዝ መስሎ ሲታየው ማን ያርመዋል?

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። ስሙን የማንጠራው አንድ የዜና ክፍል ውስጥ፣ ስለ ፀሐይ ማዕበል ዜና በምናዘጋጅበት ቀን፣ ለፎቶው አንድ መስመር መግለጫ ጽፈን ሰጠን። አዘጋጁ ጋሼ (ከልባችን የምናከብራቸው ሰው ናቸው) መግለጫውን አነበቡ፣ ፈገግ አሉ፣ ሰረዙት። «ሕዝቡ ፊዚክስ አልጠየቀም» አሉን። በምትኩ «ፀሐይ» የሚል አንዲት ቃል ገባች። ፀሐይ መሆኗንማ ማን አጣው!

ይህችን «ሕዝቡ አልጠየቀም» እናውቃታለን። ለሁሉም ነገር መዝጊያ ናት። ግን ሕዝቡ ያልጠየቀው ምን እንደሚጠየቅ ስላልተነገረው ቢሆንስ? ጋዜጠኝነት ስንማር ከመጀመሪያዎቹ የፎቶ ክፍለ ጊዜያት አንዱ ላይ የናሽናል ጂኦግራፊክን የየካቲት 1982 ሽፋን አሳይተውናል፤ አግድም የነበረውን የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶ ለቁመት ሽፋን ሲሉ ፒራሚዶቹን በኮምፒውተር አቀራረቧቸው። ሁለት ድንጋይ ትንሽ በማንቀሳቀሳቸው ዓለም ጮኸባቸው፤ እስካሁንም በየክፍሉ ይወቀሱበታል። እኛ ያንን ፈተና በ«ኤ» አልፈን ወጥተን የተገለበጠች፣ የተቀባች፣ ጠርዟና ፊቷ ለየብቻ ተነስተው የተጋጠሙ ፀሐይን «እውነተኛው ገጽታ» ብለን እንለጥፋለን። ያ ሁሉ ትምህርት ለፒራሚድ ብቻ ነበር እንዴ?

ያለ ማብራሪያ የቀረበ ሥዕል የት እንደሚያደርስ ያሳየን አንድ ፈረንሳዊ ነው። ኤትየን ክላይን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ የአገሩ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ተመራማሪ፣ በሐምሌ 2022 መጨረሻ ትዊተር ላይ አንድ የሚያበራ ቀይ ክብ ለጠፈ። ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ናት አለ፤ ለፀሐያችን ቅርቧ ኮከብ፣ 4.2 የብርሃን ዓመት ርቃ የምትገኝ፣ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የተነሳች። ሰዉ ተደነቀ፣ አጋራ። ክቧ ግን ቾሪዞ የሚባለው የስፔን ቋሊማ ቁራጭ ነበረች፤ ጥቁር መደብ ላይ የተቀመጠች ቋሊማ! ኋላ ላይ ቀልድ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥዕል ሁሉ በራሱ ይናገራል ብላችሁ አትመኑ ማለቱ ነበር። ሰውዬውን የወቀሱት ብዙ ናቸው። እኛ ግን አንወቅሰውም። ኮከብና ቋሊማን መለየት ያቃተው ሕዝብ ደንቆሮ ሆኖ አይደለም፤ ለዓመታት ቀይ ክብ ባየ ቁጥር «ዋው» እንዲል እንጂ «በምን ተነሳ?» እንዲል ስላላለማመድነው ነው።

አማተሮቹንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነፃ አንለቅም። ከነሱ ውስጥ ላይክ ያሰከረው አይጠፋም፤ ስለቱን አብዝቶ ፀሐይን የብረት ሱፍ የሚያስመስል፣ ቅስቶቹን ከልክ በላይ የሚያነድ፣ መግለጫውን ደግሞ ማንም በማይደርስበት ታች የሚቀብር። በ2023 አንድሩ ማካርቲና ጄሰን ጌንዘል የተባሉ አሜሪካውያን «ፊውዥን ኦቭ ሂሊዮስ» የሚል ሥራ ለቀቁ፤ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ፍሬሞች የተሠራ፣ የሃይድሮጅን አልፋ ፀሐይ ዙሪያዋን በ2017ቱ የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በተነሳ ኮሮና የተከበበች። (ኮሮና ማለት የፀሐይ አክሊል ነው፤ ቫይረሱ ነው ስሙን የተዋሰው።) የስድስት ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ፀሐዮች ተጋብተዋል ማለት ነው። ሰዎቹ ይህን አልደበቁም፤ ጥምረት መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል፣ ስሙም ይናገራል። በዚህ አንከሳቸውም። ግን የተናገሩት ከፎቶው ጎን ባለ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ በመጀመሪያው ስክሪንሾት ይሞታል። አንዲት መስመር ከሥዕሉ ጥግ ላይ ቢያስቀምጡ ምን ይጎድልባቸው ነበር? «ውበቱን ያበላሻል» የሚሉን አሉ። ሠዓሊ ፊርማውን ጥግ ላይ ሲያኖር ውበቱ ተበላሸ ያለ ሰው አልሰማንም።

ዕዳውን በመጨረሻ የሚከፍለው ደግሞ ሐቀኛው ነው። ያው ማካርቲ በኅዳር 2025 አሪዞና ውስጥ አንድ ሰው ከትንሽ አውሮፕላን ሲዘል፣ የሰውየው ጥላ ፊቷን ባቋረጠባት ቅጽበት ፀሐይን አነሳት። ዘላዩን፣ አውሮፕላኑን፣ ቴሌስኮፑንና ፀሐይን አንድ መስመር ላይ ለማዋል ስንት ጊዜ እንደተሰለፉ አስቡት። የተፈጠረ ነገር ነው፤ ሰው ዘሏል፣ ካሜራው አይቷል። ሰዉ ምን አለ? «ኤአይ ነው።» ከዝግጅቱ የተቀረጸ ቪዲዮ እያለ እንኳ! እንግዲህ ይሄ ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደም። ያልተነገረው መቀባት፣ ያልተነገረው መገጣጠም፣ ያልተነገረው መገልበጥ እየተጠራቀመ የሰራው ቤት ነው። አሁን ደግሞ በሁለት ቃል ትዕዛዝ ፀሐይ የሚፈጥር ማሽን በየኪሳችን አለ፤ አሳምሮም ይፈጥራታል። ከሱ የሚለየን ምን ቀረን?

ቀን ቀረን። በቁም ነገር ነው የምንለው።

ፀሐይ ሐውልት አይደለችም፤ ትናንት የነበረችው ዛሬ የለችም። ከምድር ሲታይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ትዞራለች፣ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ነጠብጣቧ ይበዛል ይመናመናል፣ አንድ ቅስት በሰዓታት ውስጥ ይፈነዳና ይጠፋል። በዓለም ዙሪያ የተተከሉ የጎንግ ጣቢያዎች በሃይድሮጅን አልፋ፣ በግራጫ፣ ቀንና ሰዓት ጽፈው ፀሐይን ቀኑን ሙሉ ያነሳሉ፤ ማንም በነፃ ያያቸዋል። ስለዚህ ቀን ያለው የአማተር ፎቶ ሊመረመር ይችላል። «ግንቦት 9፣ 2024» ካለ፣ ከዚያ ቀን መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ያ የነጠብጣብ መንጋ በቦታው አለ ወይ ትላለህ። ካለ ሰውዬው ብርቱካናማም ይቀባው ሰማያዊ፣ ፀሐይን አንስቷል። ማሽኑ የፈጠራት ፀሐይ ይህን ፈተና አታልፍም፤ ቀን የላትማ።

በዚያው በግንቦት 2024 የሆነውን አስታውሱ። 3664 የሚል ቁጥር የተሰጠው የነጠብጣብ መንጋ ተከታታይ ፍንዳታ ለቀቀ፤ ከግንቦት 10 ጀምሮም ከ2003 ወዲህ ያልታየ የመግነጢስ ማዕበል ምድርን መታ፤ የሰሜን ብርሃን ብዙ ጊዜ ከማይታይባቸው አገሮች ታየ። መንጋው ከምድር ስፋት ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋ ስለነበር በግርዶሽ መነጽር ብቻ እንኳ ይታይ ነበር። በዚያ ሳምንት በየአገሩ ያሉ አማተሮች ያነሷቸው ፎቶዎች ሰነድ ናቸው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ መሣሪያ ያላቸው። ብርቱካናማዋ ኳስ ግን ቀን ስለሌላት የዚያም ማዕበል «ፎቶ» ትሆናለች፣ የሚቀጥለውም፣ የሚቀጥለውም። የማንም ያልሆነች ፀሐይ። አንድ ባለሥልጣን ዛሬ ታሰረ ብለን ከአሥር ዓመት በፊት የተነሳውን የሠርጉን ፎቶ ብናወጣ ምን እንባላለን?

«እነዚህ ሀብታሞች የሚጫወቱበት ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚለንም አለ። ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ትልልቆቹ ማጣሪያዎች በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። ግን በ2004 ኮሮናዶ የተባለው ድርጅት ከ500 ዶላር በታች የሚሸጥ 40 ሚሊ ሜትር የፀሐይ ቴሌስኮፕ አውጥቶ በሩን ከፈት አድርጎታል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ክርስቲያን ቡዊ የተባለ ፈረንሳዊ አማተር ሶሌክስ የሚል መሣሪያ ንድፍ በነፃ አሰራጭቷል፤ አካሉ በ3ዲ ማተሚያ ይታተማል፣ የኦፕቲክስ ክፍሎቹ በጥቂት መቶ ዩሮ ይገዛሉ። ኤታሎን የለውም። ፀሐይ በቀጭን ስንጥቅ ፊት ስታልፍ መስመር በመስመር ይቃኛትና ሶፍትዌር ይሰፋታል። ይህ ብልሃት ሥረ መሠረቱ የጆርጅ ኤለሪ ሄል ነው፤ አባቱ ቺካጎ ቤታቸው አጠገብ ባሠራለት ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ። (የሀብታም ልጅ መሆኑ አይካድም።) ያው ሄል በ1908 በሃይድሮጅን አልፋ ባነሳቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ላይ ነጠብጣቦቹን የከበቡ ጠመዝማዛ ቅርጾች አየ፤ ያንን ተከትሎ ሄዶ የፀሐይ ነጠብጣብ መግነጢስ እንዳለው አረጋገጠ። ፎቶዎቹ ያገለገሉት መዝገብ ስለሆኑ ነው። ያለ ቀንና ያለ ሞገድ ርዝመት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቢሆን ዛሬ ጌጥ ነበሩ።

ሌላም ያገባናል፤ ዓይን ያገባናል። የኛ ወጣት «ፊልተር» ሲባል የሚመጣለት የስልኩ ፊልተር ነው። «በልዩ ፊልተር የተነሳ» ተብሎ ብቻ ሲነገረው ቀይ መስታወት የፈለገ፣ የራጅ ፊልም ዓይኑ ላይ የደቀነ ቢኖር አይፍረዱበት። የፀሐይ ማጣሪያ ቀልድ አይደለም፤ ለዓይን የሚሆነው የተለመደ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ከ100,000 አንድ እጅ ብርሃን ነው፣ ደግሞም ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ እንጂ ከዓይን በኩል አይገጠምም። የሃይድሮጅን አልፋ መሣሪያ ደግሞ ኤታሎን ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱንና የማይታየውን ጨረር የሚያግዱ ሌሎች ማጣሪያዎች አብረው ከሌሉ ዓይን ያጠፋል። ሬቲና ሲቃጠል አያምም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ ሲያልፍ ስንቱ ቀና ብሎ እንዳየ ታስታውሳላችሁ። በነገራችን ላይ የዚያን ቀን ፎቶ ነው ተብሎ ነጭ አክሊል የከበባት ጥቁር ፀሐይ ከተላከላችሁ የላሊበላ አይደለችም፤ በቀለበት ግርዶሽ ኮሮና አይታይም። አንዲት መስመር መግለጫ ይህን ታስተምራለች።

የሚቀጥለው ፈተና ደግሞ ቀኑ ታውቋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ነሐሴ 2፣ 2027) ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከስፔን ተነስቶ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ በሳዑዲና በየመን አልፎ ሶማሊያ ይደርሳል፤ ሉክሶር አጠገብ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይጨልማል። እኛ ዘንድ ከፊል ሆኖ ይታያል፣ ክረምቱ ካልጋረደን። ጂዳና መካ ያሉ ዘመዶቻችን ሙሉውን ያዩታል፤ ስልካቸውም ያያል። በዚያን ዕለት ከሰዓት ቴሌግራማችን በፀሐይ ይጥለቀለቃል፦ የጂዳዋ፣ የሉክሶሯ፣ የ2017ቷ፣ ማሽን የፈጠራት፣ ምናልባትም ቋሊማ። ያኔ የዜና ክፍሉ ውስጥ ተረኛ ሆኖ የሚቀመጠው የኛ ዕድሜ ሰው ነው፤ ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል።

ለተረኛው የምንለው ብዙ አይደለም። በሃይድሮጅን አልፋ የተነሳች ፀሐይ ከደረሰችህ፣ ከሥሯ ይህችን ጻፍ፦ «ፀሐይ፣ በሃይድሮጅን አልፋ ማጣሪያ። ፊቷ እንደ ኔጌቲቭ ተገልብጧል፤ ቀለሙ የተጨመረ ነው። ያነሳው፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ።» ካልተገለበጠች «ተገልብጧል» የሚለውን ተወው። ያነሳትን ሰው ካላወቅክ ጻፍለትና ጠይቀው፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ኤታሎናቸው ሲጠየቁ አያልቅባቸውም። ቀኑን ማግኘት ካቃተህ ፎቶዋን ተዋት፣ ሌላ ፈልግ። መግለጫዋ ከሃያ ቃል አትበልጥም። ጋሼ ቢሰርዟት መልሰህ ጻፋት።